የእናትና የትንሽ ልጅ አጭር ፊልም በስልክ እንዴት ይሠራል?

በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እናትና ትንሽ ልጅ ያሉበት አጭር ፊልም ልሠራ ነው፤ ልጁን እንዴት ላሠራው?» አንዱ የፊልም ተማሪ ነው። ሌላዋ የራሷን ልጅ መቅረጽ የፈለገች እናት ናት። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ።

መመሪያው 5 ደቂቃ ገደማ ለሚረዝም ፊልም ነው። ሁለት ተዋናይ፣ አንድ ቤት፣ አንድ ስልክ። ልጁ ከ4 እስከ 6 ዓመት ይሁን። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ ይዘን እንሄዳለን፦ ጠዋት ነው፣ እናት ሥራ ረፍዶባታል፤ ልጁ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፎች ራሴ ካልቆለፍኩ ብሏል። ታሪኩ ይኸው ነው።

አንድ ነገር ከአሁኑ ያዙልኝ። በዚህ ዓይነት ፊልም ሰዓቱን የሚቆርጠው የልጁ እንቅልፍና ረሃብ ነው። ከታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የወጣው ከዚህ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ። ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ቅጽበት)፣ ፎከስ (ምስሉ የሚጠራበት ቦታ) እና ብርሃን በእጅ ማስተካከል የሚያስችል አፕ ይጫንበት።
- ዝቅ ማለት የሚችል ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)። ከሌለ ጥራጥሬ ወይም አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ስልኩን መሬት አጠገብ ደግፎ ይይዛል።
- ለድምፅ ሁለተኛ ስልክ ወይም ትንሽ ማይክ፣ ከነጆሮ ማዳመጫው።
- ነጭ አንሶላ ወይም ሰፊ ነጭ ካርቶን።
- ሁለት አንድ ዓይነት የልጅ ሸሚዝ። ቀዳዳው ጠበብ፣ ቁልፉ ተለቅ ያለ ቢሆን ይመረጣል።
- ፓወር ባንክ፣ በቂ ባዶ ቦታ ያለው ሜሞሪ። አስቀድማችሁ 1 ደቂቃ ቅረጹና ስንት ሜጋባይት እንደያዘ እዩ፤ በ90 አባዙት። ለአንድ ቀን ያን ያህል ቦታ ይበቃችኋል።
- ለልጁ ውሃ፣ የለመደው ምግብና የራሱ መጫወቻ።
- ሌላ ሥራ የሌለው፣ ልጁን ብቻ የሚጠብቅ አንድ ሰው። ከዝርዝሩ ሁሉ ይሄን አትሰርዙብኝ። ዳይሬክተሩ ልጁን ልጠብቅ ካለ ፊልሙም ልጁም ይበደላሉ።

1. ታሪኩን በሁለት ፍላጎት ጻፉት

«እናት ልጇን ትወዳለች» የሚል ሐሳብ ይዛችሁ ወደ ቀረጻ አትሂዱ። ካሜራ ፍቅርን ብቻውን ማንሳት አይችልም። ሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እናት አሁን ምን ትፈልጋለች? ልጁ አሁን ምን ይፈልጋል? ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ ጊዜ መሟላት የማይችሉ መሆን አለባቸው። እሷ መውጣት ትፈልጋለች፤ እሱ መቆለፍ ይፈልጋል። ሁለቱም በዓይን የሚታይ ዕቃ አላቸው፦ ሰዓትና ቁልፍ።

መጨረሻውንም በድርጊት ጻፉ። ልጁ ቆልፎ ይጨርሳል። ግን አንድ ቀዳዳ ዘሏል፤ ሸሚዙ ተንጋዷል። እናትየው ታያለች። እጇን ትዘረጋለች። መንገድ ላይ ትመልሰዋለች። ተያይዘው ይወጣሉ። ያ የተመለሰ እጅ ምንም ንግግር አያስፈልገውም፤ ተመልካቹ ራሱ ይጨርሰዋል።

2. ስክሪፕቱን ከ5 ገጽ አታሳልፉ

በተለመደው የስክሪፕት አጻጻፍ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ለልጁ ረጅም ንግግር አትጻፉለት። ያጠናውን ቃል የሚያስታውስ ልጅ ዓይኑ ወደ ላይ ይንከራተታል፤ ያስታውቅበታል። በእኛ ፊልም እናት «ና የኔ ጌታ፣ ረፈደብን» ትላለች። ልጁ «እኔ ራሴ!» ይላል። ይህችው ትበቃዋለች።

«ልጁ ያዝናል» ብላችሁም አትጻፉ። «ልጁ ቁልፉን ለቆ እጁን ጀርባው ላይ ይደብቃል» ብላችሁ ጻፉ። በቀረጻ ቀን ልጁን ልትጠይቁት የምትችሉት ሁለተኛውን ነው።

3. ልጁን ስትመርጡ ንግግሩን ሳይሆን ጨዋታውን እዩ

ግጥም በቃሉ የሚወጣ ልጅ አዋቂን ያስደስታል። ለፊልም የሚጠቅመው ግን በያዘው ነገር የሚመሰጥ ልጅ ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ወይም ክዳኑ ጠበቅ ያለ ዕቃ ስጡትና ፈንጠር ብላችሁ ተቀመጡ። በ10 ደቂቃ ውስጥ እናንተን ረስቶ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ብቅ አድርጎ መታገል ከጀመረ፣ ልጃችሁን አግኝታችኋል።

እናትየዋን ማን ይጫወት? የልጁ እናት ራሷ ከሆነች ንክኪያቸው እውነተኛ ነው። ችግሩ ልጁ በየመሃሉ «ልክ ነኝ?» እያለ ዓይን ዓይኗን ማየቱ ነው፤ እሷም ሳታውቀው በከንፈሯ ታስጠናዋለች። ተዋናይት ከሆነች ደግሞ ከቀረጻው በፊት ቢያንስ 3 ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት፣ አብራው ትጫወት። ስክሪፕት አታውጡ። አብረው ይሳሉ፣ ልብስ ያጣጥፉ፣ ይብሉ። ካልተላመዳት ሰው ጭን ላይ የተቀመጠ ልጅ ትከሻው ወደ ላይ ይወጣል። ካሜራ ያንን ትከሻ አይምርም።

ጥንቃቄ፦ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። ፊልሙ የት የት እንደሚታይም ወረቀቱ ላይ ይግባ። በብዙ አገሮች ልጅን ለቀረጻ ማሠራት ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን የሰዓት ገደብም አለው፤ ያላችሁበትን አገር ሕግ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ልጁን ራቁቱን አትቅረጹ፣ ሲታጠብም አትቅረጹ። በእኛ ታሪክ ልጁ ገና ከመጀመሪያው ከሸሚዙ ሥር ካናቴራ ለብሷል። የልጁን ሙሉ ስምና ትምህርት ቤቱን የሚያሳይ ነገር ፍሬም (ካሜራው የሚያየው ቦታ) ውስጥ እንዳይገባ ግድግዳውንና ቦርሳውን አይታችሁ አረጋግጡ።

4. ፕሮግራሙን በልጁ ቀን ላይ አውጡ

ወላጁን ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ይነቃል? መቼ ይበላል? መቼ ይተኛል? አብዛኛው ትንሽ ልጅ በልቶ ከጠገበ በኋላ ጠዋት ላይ ይሻላል። ሁለት ጠዋት ያዙ፤ የአንዱ ቀን ቀረጻ ርዝመት ከ3 ሰዓት አይብለጥ። 20 ደቂቃ ሥራ፣ 15 ደቂቃ ጨዋታ። ከድካም በኋላ የተቀረጸ ነገር ኤዲት (ሾቶቹን ቆርጦ መቀጠል) ላይ አይገባም፤ ልጁንም ከቀረጻ ጋር ያቃቅረዋል።

ሁለቱ ቀናት ተከታታይ ይሁኑ። ይሄን የምለው ዋጋ ከፍዬበት ነው። አንድ ጊዜ ግማሹን ቅዳሜ ቀርጬ ቀሪውን ለሦስት ሳምንት አቆየሁት። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲገባ ሳቀልኝ። የላይኛው የፊት ጥርሱ የለም! በዚያ ዕድሜ የወተት ጥርስ መውለቅ የሚጀምርበት ጊዜ መሆኑን ማን ያስብ። የቀረውን ሲን (ትዕይንት) በሙሉ ከጀርባውና አፉን ዘግቶ ቀረጽኩት፤ ፊልሙ ውስጥ ልጁ ከመሃል ጀምሮ ለምን ፊቱን እንደሚያዞር እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ወላጁን «የሚነቃነቅ ጥርስ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ። ቀረጻው እስኪያልቅ ጸጉሩ እንዳይቆረጥም ንገሩ።

5. የሾት ዝርዝር አውጡ፣ ቅደም ተከተሉን በልጁ አቅም ደርድሩ

ሾት ማለት ካሜራው ሳይቋረጥ የሚያሳየው አንድ ምስል ነው፤ ለ5 ደቂቃ 20 ሾት ገደማ ይበቃል። አቀራረጹ የታሪኩን ቅደም ተከተል አይከተልም። መጀመሪያ የልጁ ፊትና እጆች በክሎዝ አፕ (በጣም ተቀርቦ)። ቀጥሎ ሁለቱ አብረው። ከዚያ ልጁ ይሸኝና እናትየው ብቻዋን። በመጨረሻ የግድግዳው ሰዓት፣ ቦርሳዋ፣ በሩ። መጀመሪያ የሚያልቀው የልጁ ጉልበት ስለሆነ ነው። ተዋናይቷ ባዶ ቦታ እያየች መሥራት ትችላለች፤ እሱ አይችልም።

በእናትና በልጁ መካከል የተዘረጋ መስመር እንዳለ አስቡና ካሜራውን ከመስመሩ በአንድ ወገን ብቻ አቁሙ። ከተሻገራችሁ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ፤ ተመልካቹ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ይጠፋበታል።

6. ካሜራውን ልጁ ዓይን ላይ አውርዱት

የ5 ዓመት ልጅ ሲቆም ዓይኑ 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስልኩ እዚያ ይሁን። ልጁ ወለል ላይ ከተቀመጠ ስልኩም ይቀመጥ። ከአዋቂ ቁመት የተቀረጸ ልጅ ግንባርና ጸጉር ብቻ ነው፤ ተመልካቹም ከላይ ሆኖ እንዲያዝንለት እንጂ አብሮት እንዲታገል አያደርገውም።

ይሄ ሌላም ጥቅም አለው። በልጁ ቁመት ስትቀርጹ እናትየው ወደ ፍሬሙ የምትገባው በእግሯ፣ በቀሚሷ ጫፍና በእጇ ነው። ፊቷ አይታይም። ልታናግረው በርከክ ስትል ብቻ ፊቷ ይወርድና ከእሱ ጎን ይመጣል። ያን መንበርከክ አታባክኑት። በ5 ደቂቃ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን፤ እጇ የሚመለስበት ቦታ ላይ።

የስልኩ አሠራር፦ የመብራቱ ኃይል 50 ኸርዝ በሆነበት አገር 25 ፍሬም (ምስል) በሰከንድ፣ ሻተሩ 1/50። 60 ኸርዝ ከሆነ 30 ፍሬም፣ ሻተሩ 1/60። ከዚህ ከወጣችሁ አንዳንድ አምፖል ምስሉ ላይ ይብለጨለጫል። ፎከሱን፣ ብርሃኑንና የቀለም ሚዛኑን ቆልፏቸው። ካልተቆለፉ እናትየው በመስኮቱ ፊት ባለፈች ቁጥር ምስሉ ይጨልማል፣ ይፈካል። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ። ሌንሱን ጥረጉ።

7. ብርሃን

መስኮት ይበቃል። የጣራውን አምፖል አጥፉ፤ የቀኑ ብርሃንና የአምፖሉ ቀለም አይስማሙም። ተዋናዮቹ ጎናቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ይሁኑ፣ በሌላው ወገን 1 ሜትር ያህል ርቆ ነጩ አንሶላ ይሰቀል። ጥላው ይለሰልሳል። ፀሐይ ስለምትዞር ሁለቱንም ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ቅረጹ።

8. ድምፅ

የማይታይ ስለሆነ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል። ከክፍሉ ማዶ ያለ ስልክ የሚሰማው የግድግዳውን ማስተጋባት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ ከአገጭ ሥር ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ይደረጋል። እዚህ ግን ልጁ እጁ ሸሚዙ ላይ ነው፤ ማይኩን ይፈትገዋል። ስለዚህ ሁለተኛውን ስልክ ከፍሬሙ ውጭ፣ ከላይ ወይም ከፊቱ፣ የቻላችሁትን ያህል አስጠጉት። ሁለቱም እየቀረጹ አንዴ አጨብጭቡ። በኋላ ምስሉንና ድምፁን የምታገጥሙት በዚያች ጭብጨባ ነው።

ፍሪጁን ንቀሉ። ስትሄዱ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ የቤታችሁን የበር ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ሳትሰኩት መውጣት አትችሉም።

ሁሉም ሲያልቅ 30 ሰከንድ የባዶ ቤቱን ድምፅ ቅረጹ፤ ማንም አይናገር፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ኤዲት ላይ ድምፅ የቆረጣችሁበት ቦታ የሚሞላው በዚህ ነው። ልጁ ከሄደ በኋላ አድርጉት።

9. ልጁን ማሠራት

ወደ ጥያቄው ደረስን።

«አዝነህ አሳየኝ» አትበሉት። ያዘነ ሰው ፊት የመሰለውን ያሳያችኋል። የሚሠራ ሥራ ስጡት። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሸሚዝ የመረጥነው ለዚህ ነው። ቁልፉ እውነት እንቢ ይለዋል። አውራ ጣቱ ነጣ እስኪል ይገፋል። ትንፋሹን ይይዛል። ግማሹ ገብቶ ሲያመልጠው ቀና ብሎ እናቱን ያያል። ያ አስተያየት ተለምኖ የሚመጣ አይደለም።

«አክሽን!» ብላችሁ አትጩሁ። ቃሉን የሰማ ልጅ ሰውነቱ ይደርቃል። እየተጫወተ ሳለ ቀረጻውን ጀምሩ፣ ለተዋናይቷ በእጅ ምልክት ስጧት። ሲሳሳትም አታቁሙ። ካሜራው 5 ወይም 6 ደቂቃ ይሂድ፤ ቁልፎቹን እሷ ትፍታለትና «እስቲ አሁን ደግሞ» ትበለው።

የሲኑ መሪ በውስጡ ያለችው እናት ናት። ምን እንደምትፈልጉ ለእሷ ብቻ ንገሩ። «አራተኛው ላይ ሲደርስ ሰዓትሽን እዪ፤ ምንም አትበዪው።» ልጁ የሚመልሰው ለእሷ ስለሆነ ምላሹ እውነተኛ ይሆናል።

ከተዋናይቷ ሌላ ልጁን የሚያናግረው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሦስት ሰው «እንዲህ፣ የለም እንዲያ» ካለው ይደናገራል፤ ከዚያ ዝም ይላል።

ካሜራውን ካየ አትቆጡት። በስልኩ የጀርባ ካሜራ ቅረጹ፣ ራሱን ስክሪን ላይ እንዳያይ። ማየት ያለበት ቦታ ላይ ተለጣፊ ሥዕል ወይም የሚወደውን መጫወቻ አስቀምጡለት። ካሜራው ጎን አጎንብሳችሁ ተቀመጡ፤ የቆመ አዋቂ ሁልጊዜ ዓይን ይስባል።

አንዱን ሾት ከ4 ጊዜ በላይ አትድገሙ። ከሦስተኛው በኋላ ልጁ የሚሠራው እናንተን ለማስደሰት ነው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ካልሆነ ተዉትና ሌላ ሾት ሥሩ።

ጥንቃቄ፦ ልጅን ለማስለቀስ አታስፈራሩ፣ አትዋሹት፣ መጫወቻውን አትንጠቁት። ለቅሶ ካስፈለገ ከጀርባ ቅረጹት፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወለሉ ላይ ሳንቲም ይፈልግ፣ ቀጥሎ የእናትየውን ፊት አስገቡ። ተመልካቹ አልቅሷል ብሎ ያምናል። ልጁ ግን አላለቀሰም።

ከረሜላም በየሾቱ አትስጡት። አፉ ሲያላምጥ ሾቶቹ አይገጥሙም፣ ከዚያም በላይ ነገሩ ወደ ድርድር ይቀየራል። ስጦታው የቀኑ ማብቂያ ላይ፣ ጥሩ ሠራም አልሠራም ይሰጠው።

10. ቁልፎቹን ቁጠሩ

ሾቶቹ ተዘበራርቀው ስለሚቀረጹ በእያንዳንዱ መጨረሻ ላይ የልጁን ሸሚዝ ፎቶ አንሱ። ወረቀት ላይም ጻፉ፦ «ሾት 7፣ ሁለት ተቆልፏል፣ የግራ እጅጌ ተጠቅልሏል።» አራት ቁልፍ ቆልፎ የታየ ልጅ በሚቀጥለው ሾት ሁለት ብቻ ከሆነ ተመልካቹ ከታሪኩ ወጥቶ ቁልፍ መቁጠር ይጀምራል። ሁለተኛው ሸሚዝ የመጣው ምግብ ቢፈስበት ተብሎ ነው። ይፈሳል።

11. የዚያኑ ቀን ማታ ገልብጡ

የተቀረጸውን በሁለት የተለያየ ቦታ ላይ ገልብጡ። ኮምፒውተርና ሃርድ ዲስክ ይሁን፤ ሁለቱን በአንድ ቦርሳ አትያዙ። ፊልሙ እስኪያልቅ ስልኩ ላይ ያለውን አታጥፉ። ለአዋቂ «እንድገመው» ይባላል። የልጁን የዚያን ጠዋት ትግል ግን ማንም አይደግመውም፤ መቆለፍ ለምዷላ!

12. ኤዲት

መጀመሪያ ሾቶቹን በታሪኩ ቅደም ተከተል ደርድሩና ድምፁን ዘግታችሁ እዩ። ታሪኩ ያለ ድምፅ ከገባችሁ መሠረቱ ይዟል። ከዚያ አንድ ቀን ሳታዩት ቆዩ።

እናትየው ስትናገር የግድ እሷ መታየት የለባትም። «ረፈደብን» የሚለው ድምፅ የልጁ እጅ ላይ ይሰማ። ጣቶቹ ሲፈጥኑና ሲሳሳቱ እናያለን፤ ቃሉ ምን እንዳደረገበት የሚታየው እዚያ ነው።

እጇ የሚዘረጋበትንና የሚመለስበትን ሾት መሃሉን አትቁረጡ። ረዘመ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ፤ እኔም ሁሌ እጨነቃለሁ። ተዉት። ከተቆረጠ ሐሳቧን የቀየረችው እሷ ሳትሆን ኤዲተሩ ይሆናል።

ሙዚቃ ከማስገባታችሁ በፊት ያለ ሙዚቃ እዩት። ካስፈለገም ፈቃድ ያላችሁበትን ብቻ ተጠቀሙ፤ ያልተፈቀደ ዘፈን ያለበት ፊልም ከፌስቲቫልም ከቪዲዮ መድረኮችም ሊታገድ ይችላል።

ርዝመቱ ያሳስባችሁ ይሆናል። የኦስካር ሽልማት አጭር ፊልም የሚለው በፊልሙ መጨረሻ የሚያልፈው የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ጭምር ተቆጥሮ እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ነው። ይህ ታሪክ ግን 5 ደቂቃ ነው የሚችለው። አትለጥጡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ልጁ ቆንጆ ስለሆነ ብቻ ሾት መያዝ። ሳቁ ያምራል፣ ግን ታሪኩ ውስጥ ቦታ ከሌለው ይውጣ። ይሄን መቁረጥ ያማል፤ በተለይ ልጁ የራሳችሁ ከሆነ።

እናትየዋን ፍጹም ማድረግ። የማትቆጣ፣ የማይደክማት እናት ሲኑን ታደርቀዋለች። እጇ በቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ሲጠብቅ ካላየን፣ በኋላ እጇን መመለሷ ምንም አይመስለንም።

የመጨረሻውን ሾት ለመጨረሻው ሰዓት ማቆየት። የተንጋደደው ሸሚዝ ላይ ስትደርሱ ልጁ ደክሞት ከሆነ ፊልሙ መጨረሻ የለውም። ሁለተኛው ቀን ጠዋት የመጀመሪያ ሾት አድርጉት።

ፊልሙን ለቅርብ ጓደኛ ብቻ ማሳየት። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩና ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ እናትየው ምን ፈለገች? ልጁስ? ለአንዱ መልስ ካጣ ወደ ኤዲቱ ተመለሱ።

የትም ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ልጁና ወላጆቹ አብረው ይዩት። ወላጁ «ይቺ ትውጣ» ካለ አውጡት፣ ወረቀቱ የተፈረመ ቢሆንም። ልጁ ምናልባት ፊልሙን ትቶ ሸሚዙን ይጠይቃችኋል። ሁለተኛውን፣ ያልቆሸሸውን ስጡት።